የጠፋው ህ

ጥቅምት ላይ ነው። ልጄ ሚጡ ከትምህርት ቤት መጥታ ቦርሳዋን ሶፋው ላይ ጣል አደረገችና፣ እንደ ወትሮዋ «እማ፣ ራበኝ» ሳትል ቀጥ ብላ ጓዳ ገባች። የሆነ ነገር እንዳለ ገባኝ። ደብተሯን አወጣሁ። የቃል ጽሕፈት ተሰጥቷቸው ነበር። 10 ቃል። 4 አግኝታለች። ከላይ በቀይ እስክሪብቶ «ትኩረት ትስጥ» ይላል።

ያኔ ሚጡ የሁለተኛ ክፍል ተማሪ ነበረች፣ 8 ዓመቷ።

ኤክስ የተደረገባቸውን ስድስቱን ቃላት አንድ በአንድ አየኋቸው። ትምርት። መምር። ካዳማ። ያክስቴ። አስራምስት። መልክት። ከዚያ ጮክ ብዬ አነበብኳቸው። ደገምኳቸው። አንዱም ለጆሮ ስህተት የለውም። እኔም ስናገር «ትምርት ቤት ሂጂ» ነው የምላት። መናኸሪያ ሄዳችሁ ብትሰሙ ረዳቱ «አዲሳባ! አዲሳባ!» ነው የሚለው። ልጄ የሰማችውን ነው የጻፈችው። ትኩረት አልሰጠችም መባሏ አንጀቴን በላኝ፤ ጆሮዋን አቁማ ነው የጻፈችው።

የኔ እንጀራም ጽሑፍ ነው። አዳማ ፖስታ ቤት አካባቢ ትንሽ የኮምፒውተር ጽሕፈትና የፎቶ ኮፒ ቤት አለችኝ። ማመልከቻ፣ የቤት ኪራይ ውል፣ ሲቪ፣ የዕድር ደብዳቤ፤ ሰው በእጁ ጽፎ ያመጣል፣ እኔ ታይፕ አደርጋለሁ። ስንት ዓመት ሙሉ የሰው የእጅ ጽሑፍ ሳነብ፣ እነዚያው ስድስት ቃላት በአዋቂም እጅ እንደዚያው ተጽፈው ይመጣሉ። ዲግሪ የያዘ ሰው «የትምርት ማስረጃ» ብሎ ይጽፋል። ዝም ብዬ አስተካክላለሁ። ለምን እንደዚያ እንደሚጻፍ ግን አንድ ቀን ጠይቄ አላውቅም ነበር። እኔ ራሴ በሁለተኛ ክፍል ለዚሁ ለ«ትምርት» መዳፌን በማስመሪያ ተመትቻለሁ። የመታኝ ሰው ህ የት እንደምትገባ አሳየኝ። ለምን እንደምትገባ ግን አልነገረኝም።

በዚያው ቀን ማታ ቡና አፍልቼ ጋሼን ጠራኋቸው። ጋሼ ግቢያችን ውስጥ የሚኖሩ ጡረታ የወጡ መምህር ናቸው። በልጅነታቸው ቄስ ትምህርት ቤት ገብተው፣ ቅኔ ቤትም ደርሰው ነው ወደ ዘመናዊው ትምህርት የመጡት። ደብተሩን ሰጠኋቸው። መነጽራቸውን አድርገው አዩና «ጆሮዋ ደህና ነው» አሉ። ቀጥለው «ዘመዶቹን ግን ማንም አላስተዋወቃትም» አሉኝ።

«የማንን ዘመዶች?»

«የቃሉን።»

ሚጡን አጠገባቸው አስቀመጧት። «የሚያስተምርሽ ሰው ምንሽ ነው?» «ቲቸር።» «በአማርኛስ?» «መምር።» «እስቲ ቀስ ብለሽ፣ እየጎተትሽ በይው።» ሚጡ ጎተተችው። «መም… ህር።» ህዋ ብቅ አለች። እኔም ሰማኋት። «አየሽ፣ ተደብቃ ነበር» አሏት። «መምህር ምን ይሰጣል?» «ትምርት።» «ከመምህሩ ህ ጋር በይው።» «ትም… ህርት።» እስክሪብቶውን ራሷ ተቀብላ ህ ከተተች።

እኔ እዚህ ጋ የሚያበቃ መስሎኝ ነበር። ጋሼ ግን «ተማረ» ብለው ጻፉ። «ይህቺ ህ እዚህስ የት አለች?» ሚጡ ፈለገች። የለችም። «ማ ስንተኛ ናት?» አሏት። ሚጡ በጣቷ ቆጠረች፤ መ፣ ሙ፣ ሚ፣ ማ። «አራተኛ።» «ራብዕ እንላታለን። ህ ከዚህ ስትወጣ ማ አፏን ከፍታ ቀረች። የወጣችበት በር ነው።» ከሥሩ «ጻፈ» ብለው ጨመሩ። ከጎኑ «ጸሐፊ»፣ «መጽሐፍ»። ጸሐፊው ውስጥ ሐ አለ። መጽሐፉ ውስጥ አለ። ጻፈ ውስጥ የለም። ጻ ግን ራብዕ ናት፣ አፏን ከፍታለች።

ነገሩ ሲብራራ እንዲህ ነው። የግዕዙ ግስ መሀረ፣ ጸሐፈ ነበር። በአማርኛ የጉሮሮዎቹ ድምፆች ሲወድቁ ግሱ አጠረ፤ ተማረ፣ ጻፈ ሆነ። ስሞቹ ግን የድሮውን አጻጻፍ ይዘው ቀሩ። አፍ ትቷቸዋል፣ ብዕር አልተዋቸውም። ቄሶቻችንን «መምሬ» የምንለው ቃል ራሱ «መምህሬ» ነው፤ ህዋ ወድቃ ነው። ይህን ጋሼ ሲነግሩኝ ከ20 ዓመት በላይ ስተይበው የኖርኩትን ቃል ገና ያን ማታ ያየሁት መሰለኝ።

ሰዋስው የሚያስተምሩ ሰዎች አንድን ቃል ከነትርጉሙ ስንቆራርጠው የምናገኛትን ትንሿን ክፍል «ምዕላድ» ይሏታል። ሥሩም፣ ከፊትና ከኋላ የሚቀጠሉትም ምዕላዶች ናቸው። ስሙ ይከብዳል። ነገሩ ግን ያ ማታ ቡናው ጠረጴዛ ላይ ያየሁት ነው። ቃል ከድምፅ ብቻ የተሠራ አይደለም። ከሌላ ቃል ጋር የሚጋራው ሥር አለው፣ እየተቀጠለ የሚመጣም የሚሄድም አለው። ልጅ ይህን ሲያውቅ ጆሮው የማያደርሰውን ፊደል በዘመዱ በኩል ይደርስበታል።

እኛ አገር ይህ እውቀት ጠፍቶ አያውቅም። ቅኔ ቤት የገባ ተማሪ ከቀተለና ከቀደሰ ጀምሮ ግስ ሲያወርድ፣ ሲያረባ ነው የሚውለው። ቃልን ከሥሩ ይነቅላል፣ ይተክላል። ግን ለማን? ፊደል ቆጥሮ፣ ንባብ ወጥቶ፣ ዳዊት ደግሞ፣ ጎረምሳ ሆኖ ለደረሰ። ለትንሹ ልጅ የምንሰጠው የፊደል ገበታውን ነው። 33 ፊደል በሰባት፣ 231። ገበታው ድምፅ ያስተምራል፣ ያውም በደንብ። እኔ በገበታው ላይ ቂም የለኝም። ቅር የሚለኝ ከገበታው ቀጥሎ ባዶ መሆኑ ነው። ልጁ ፊደሉን ከለየ በኋላ «በል እንግዲህ ጻፍ» እንለዋለን። የቃሉን ዘመዶች የምናስተዋውቀው ሁለተኛ ደረጃ ሲገባ፣ ያውም ለፈተና፣ በከባድ ስም ነው።

ከዚያ ሳምንት በኋላ ማታ ማታ ወጥ ስሠራ ሚጡ ጓዳ በር ላይ ዱካዋን ይዛ ትቀመጥ ጀመር። ጨዋታ አወጣን። እኔ የማደርገውን ነገር እናገራለሁ፣ እሷ ዘመድ ትፈልጋለች። መጀመሪያ «ቆላ» አልኩ። ቆሎ መጣ። ቁሌት መጣ፤ ድስቱ ላይ ያለውን ሽንኩርትና በርበሬ በጭልፋ እያሳየኋት። «ፈጨ» አልኩ። ቆየች። «ወፍጮ!» ብላ ስትጮህ ሽንኩርቱ ሊያርብኝ ነበር።

ትልቁ ግን «ቆረጠ» ነው። ቁራጭ አለች። መቁረጫ አለች፣ ቢላውን እያየች። ቁርጥ አልኩ እኔ፣ የሥጋውን። ቆራጥ አልኩ። «ቆራጥ ምንድን ነው?» አለችኝ። አንዴ ከወሰነ የማያወላውል ሰው ነው፣ ሐሳቡን እንደ ሥጋ የሚቆርጥ፣ አልኳት። ዝም አለች። ከዚያ በጣም ቀስ ብላ «እማ፣ ቁርጠትም?» አለች። የሆድ ቁርጠት። «ሆዴን ቆረጠኝ» እንላለን እኮ! ዕድሜዬን ሙሉ ብየዋለሁ፣ ቢላ ያለበት መሆኑን ግን ልብ አላልኩም።

ቃላቱን ወረቀት ላይ ከላይ ወደ ታች ደረደርናቸው። ቆረጠ፣ ቁርጥ፣ ቆራጥ፣ ቁርጠት፣ ቁራጭ፣ መቁረጫ። እዚህ ጋ ፊደላችን የሚያደርገውን አየሁ። የፊደሉ ሰውነት አይለወጥም። ቆም ሆነ ቁ ያው የቀ ሰውነት ነው። ረም፣ ርም፣ ራም ያው ነው። የሚለዋወጠው እጅና እግሩ ነው። ሰውነቱ ሥሩን ይነግረናል፣ እጅና እግሩ ደግሞ ቃሉ አሁን ምን እየሠራ እንደሆነ። ሚጡ ቀ፣ ረ፣ ጠን በቀይ ከለር እርሳስ አከበበቻቸው። ቁራጭ ላይ ስትደርስ ቆመች። ጠ የለም። ጭ ነው ያለው።

ጭን ለረጅም ጊዜ አየችው። «እማ፣ ይሄ እኮ ጥ ነው፤ ጫማ አድርጎ ነው» አለችኝ።

እውነቷን ነው። ግዕዝ ውስጥ ሸ፣ ቸ፣ ኘ፣ ዠ፣ ጀ፣ ጨ የሉም። አማርኛ ድምፆቹን ሲፈልጋቸው ፊደሎቹ የተሠሩት ከሰ፣ ከተ፣ ከነ፣ ከዘ፣ ከደ፣ ከጠ ነው፣ በአምስቱ አናት ላይ፣ በጠ ደግሞ እግሩ ላይ ምልክት ተጨምሮ። አሁን ቃላቱን ተመልከቱ። ከሰሰ፣ ከሳሽ። ከፈተ፣ ከፋች። ዘፈነ፣ ዘፋኝ። ገዛ፣ ገዥ። ወሰደ፣ ወሳጅ። ቆረጠ፣ ቆራጭ። ድምፁ የሚሄድበት መንገድና ፊደሉ የተሠራበት መንገድ አንድ ነው። ሰ ሽ ይሆናል፣ ተ ች ይሆናል። ፊደሉን የሠሩት ሰዎች ዝምድናውን ፊደሉ ላይ ጽፈውልናል። ይህንን ለአንደኛ ክፍል ልጅ ለማሳየት አምስት ደቂቃ ይበቃል።

ልጆች ይህን የሚያውቁት ከማንም ሳይማሩ ነው። በንግግራቸው ያውቁታል። አሜሪካዊቷ ዣን በርኮ እ.ኤ.አ. በ1958 ባሳተመችው ጥናት ከ4 እስከ 7 ዓመት ለሆኑ ልጆች ወፍ የምትመስል ፍጥረት ሥላ አሳየቻቸው። «ይህቺ ዋግ ናት» አለቻቸው። ዋግ የሚባል ቃል በእንግሊዝኛ የለም፣ ራሷ የፈጠረችው ነው። ከዚያ ሁለቱን አሳይታ «አሁን ሁለት ሆኑ፤ ሁለት ምን?» ስትላቸው አብዛኞቹ «ዋግዝ» አሉ። ቃሉን ሰምተውት ስለማያውቁ በቃላቸው ሊይዙት አይችሉም። ሕጉ ውስጣቸው ነበር ማለት ነው።

እኔም ሚጡ ላይ ሞከርኩት። «ይሄ ሙፍ ነው፤ ሁለት ሲሆኑ?» «ሙፎች።» «ይሄ ቲሮ ነው፤ ሁለት ሲሆኑ?» «ቲሮዎች።» አያችሁ? ለአንዱ «ኦች»፣ ለሌላው «ዎች»። ማንም ይህን አላስተማራትም። ጨመርኩ፤ «ሰውዬው ፈመተ እንበል። ሥራው መፈመት የሆነ ሰው ምን ይባላል?» ትንሽ እንኳን አላሰበችም። «ፈማች!» ተን ወደ ች አዞረችው። የ8 ዓመት ልጅ አፏ ውስጥ ሰዋስው ተሞልቶ አለ፣ እኛ ደግሞ ደብተሯ ላይ «ትኩረት ትስጥ» እንጽፋለን።

ጨዋታው ሁልጊዜ ወደፊት ብቻ አልሄደም። ኅዳር መጨረሻ ላይ ሚጡ ደብተሯ ላይ «ተማህሪ» ብላ ጻፈች። ደነገጥኩ። ቀድሞ በትክክል ትጽፈው የነበረውን ቃል አበላሸሁባት ብዬ ተጨነቅሁ። ያን ማታ ስልኬ ላይ ስለ ጉዳዩ የተጻፈ ስፈልግ አመሸሁ። ቴሬዚንያ ኑኔስ፣ ፒተር ብራያንትና ሚሪያም ቢንድማን እ.ኤ.አ. በ1997 ያሳተሙት ጥናት ላይ ደረስኩ። በእንግሊዝኛ ያለፈ ጊዜን የሚያሳየው የቃል መጨረሻ አጻጻፉ አንድ ነው፣ ሲነገር ግን አንዳንዴ «ት»፣ አንዳንዴ «ድ» ይሆናል። ትንንሾቹ ልጆች መጀመሪያ እንደሰሙት ይጽፉታል፣ ልክ እንደ «ትምርት»። ቀጥሎ መጨረሻውን ይማሩና በማይገባው ቃል ላይ ሁሉ ይለጥፉታል። «ሶፍት» (ለስላሳ) በሚለው የእንግሊዝኛ ቃል ላይ እንኳን፣ ያለፈ ጊዜ ያልሆነ ቃል ላይ። ከዚያ በኋላ ነው ቦታው ላይ ብቻ የሚያስቀምጡት።

«ተማህሪ» መሃል ላይ ያለው ደረጃ ነው። ልጄ ወደ ኋላ አልተመለሰችም። ህ ከየት እንደምትመጣ አውቃለች፣ የት እንደማትገባ ነው ያላወቀችው። ቀይ እስክሪብቶ ግን ሁለቱንም ስህተት አንድ አድርጎ ነው የሚያያቸው። ይህ እስከ ዛሬ ያናድደኛል። ከማያውቅ ልጅ ስህተትና ከሚያስብ ልጅ ስህተት መካከል ልዩነት አለ፣ እሱን የሚለይ ዓይን ያስፈልጋል።

«ካዳማ»፣ «ያክስቴ» እና «አስራምስት» ከዚህ ይልቅ ቀላል ነበሩ። ሁለት አናባቢ ሲገናኝ አፋችን አንዱን ይውጠዋል። ከ እና አዳማ ተጋጭተው ካዳማ ይሆናሉ። (የቀድሞውን ስም የለመዱት የግቢያችን ሽማግሌዎች «ከናዝሬት» ስለሚሉ ይህ ችግር አይገጥማቸውም።) ሚጡን የምጠይቃት አንድ ጥያቄ ብቻ ነው፤ «ከተማችን ስሟ ማን ነው?» «አዳማ።» «በይ ስሟን አትቁረጪባት።» «ያክስቴ»ንም እንዲሁ፤ «ማን ናት?» «አክስቴ።» የ ከፊት ትቆማለች፣ አክስቴ ሙሉ ትሆናለች። ድሮ የተጻፉ ነገሮች ላይ «ያባት» ተብሎ እንደተጻፈ አውቃለሁ፣ ያንን ነውር ነው አልልም። ልጅ ግን መጀመሪያ ክፍሎቹን ለይታ ብታይ ነው የሚሻለው።

ስለ መጻፍ ብዙ አወራሁ። ንባቡ ላይ ያየሁት ለውጥ ግን ይበልጣል። ሚጡ ፊደል ሁሉ ትለያለች፣ አንድም አይጠፋትም። ረጅም ቃል ሲመጣ ግን ትሰምጥ ነበር። አንድ ቀን ሱቅ አብራኝ ውላ የአንድ ሰው ማመልከቻ ላይ «ለሚመለከተው ሁሉ» የሚለውን ልታነብ ጀመረች። «ለ… ሚ… መ… ለ… ከ… ተ… ው።» ሰባት ፊደል። መጨረሻው ላይ ስትደርስ መጀመሪያው ጠፍቷታል። ድምፁን አወጣችው፣ ቃሉን አላገኘችውም። እ.ኤ.አ. በ2010 በአገራችን በተደረገ የንባብ ምዘና ከሦስት የሁለተኛ ክፍል ልጆች አንዱ ገደማ አንድም ቃል ማንበብ አልቻለም ነበር። ያንን ሳነብ ስለማያነቡት ነው ያዘንኩት። አሁን ግን ፊደሉን እያነበቡ ቃሉ ስለሚጠፋባቸውም አስባለሁ።

አማርኛ ቃሉን እንደ ባቡር ነው የሚቀጥለው። «ስለማይመለከታቸው» አንድ ቃል ነው። ውስጡ ግን ስለ አለ፣ አሉታው አለ፣ መመልከት አለ፣ እነሱ አሉ። በሌላ ቋንቋ አንድ ሙሉ ዓረፍተ ነገር ይወጣዋል። ልጅ ይህን ፊደል በፊደል ከሄደበት ትንፋሹ ያልቃል። ሚጡን በጣቴ ከፊት «ለሚ»ን፣ ከኋላ «ው»ን ሸፈንኩላት። «መለከተ» ቀረ። «ተመለከተ!» አለች ወዲያው። ጣቴን አነሳሁ። «ለሚመለከተው» ብላ በአንድ ትንፋሽ ወጣችው። ማመልከቻውን ያመጡት ሰውዬ «ጎበዝ!» አሏት። ከዚያ ቀን ጀምሮ በራሷ ጣት እየሸፈነች ነው የምታነበው። ሰሞኑን ጣቷን እንደተወችው አስተዋልኩ።

ፊደላችን የማይጽፈው ሌላም ነገር አለ። የሚጠብቀውንና የሚላላውን አይለይም። «ሰፊው ሰፊ ሱቅ አለው» ብላችሁ ጻፉና ልጅ አስነብቡ። የመጀመሪያው ልብስ የሚሰፋው ሰውዬ ነው፣ ላልቶ ይነበባል። ሁለተኛው ስፋት ያለው ነው፣ ይጠብቃል። ወረቀቱ ላይ አንድ ናቸው። «ይመታል» የሚለውም መቺው ነው ወይስ ተመቺው? እዚህ ላይ ፊደል ማወቅ ብቻውን አያዋጣም። ልጅቷ ቃሉ በዓረፍተ ነገሩ ውስጥ ማን እንደሆነ፣ ከየትኛው ቤተሰብ እንደመጣ ቀድማ መገመት አለባት። ያን ጊዜ ነው አፏ ማጥበቅና ማላላቱን የሚያስተካክለው።

አዳማ ላይ ልጅ ማሳደግ እዚህ ጋ ይጠቅማል። ሚጡ ከጎረቤት ልጅ ጋር ስትጫወት ኦሮምኛ ትናገራለች፣ በትምህርት ቤትም በቁቤ ትማረዋለች። ቁቤ የሚጠብቀውን ድምፅ ፊደሉን ደግሞ ይጽፈዋል፤ አናባቢውም ሲረዝም እንዲሁ። «ለፋ» በአጭሩ መሬት ነው፣ በረጅሙ «ላፋ» ለስላሳ ነው፣ አጻጻፋቸውም ይለያል። አንድ ቅዳሜ የጎረቤታችን ልጅ ኒቂ ብለን የምንጠራት፣ ከሚጡ አንድ ዓመት ትበልጣለች፣ የእኛን ወረቀት አይታ «በእኛም አለ» አለች። ጻፈችልን። ባራታ፣ ተማሪ። ባርሲሳ፣ አስተማሪ። ባርኖታ፣ ትምህርት። ሦስቱም ላይ «ባር» አለ። ሚጡ «ባር»ን በቀይ አከበበችው። ቋንቋው ሌላ፣ ፊደሉ ሌላ፣ ጨዋታው ግን አንድ ሆነ። ሁለቱ ልጆች ደጁ ላይ ተቀምጠው እየተመላለሱ ቃል ሲያወጡ በመስኮት አየኋቸው። አላቋረጥኳቸውም።

ስለዚህ ጉዳይ የተጻፈው አብዛኛው ስለ እንግሊዝኛ ልጆች ነው። ፒተር ባወርስ፣ ጆን ከርቢና ኤሌን ዲከን እ.ኤ.አ. በ2010 22 ጥናቶችን ሰብስበው አይተዋል። የቃልን አሠራር የተማሩ ልጆች በንባብም በአጻጻፍም ተጠቅመዋል፣ ይበልጥ የተጠቀሙት ደግሞ ንባብ የሚከብዳቸው ናቸው። ከሌላው የንባብ ትምህርት ጋር ተቀላቅሎ ሲሰጥም የተሻለ ሆኖ ተገኝቷል። እንግሊዝኛ ግን እንደኛ ሥሩን ከውስጥ እየለዋወጠ አይሄድም፣ አብዛኛውን ጊዜ ከኋላ ይቀጥላል። ለዚህ ነው ነገሩ ለእኛ ልጆች ከእነሱ ይልቅ ያስፈልጋል ብዬ የማምነው። ሰበረ፣ ስብራት፣ ስባሪ፣ ተሰባሪ፣ አሰባበር… አማርኛ ከሦስት ፊደል ስንቱን ያወጣል!

ብዙ ወላጆች ስለ ንጉሡ ሠ እና እሳቱ ሰ ይጠይቁኛል። ሱቅም ይመጣሉ፣ «ልጄ ሁሌ ይሳሳታል» ይሉኛል። እኔ የሁለተኛ ክፍል ልጅን በዚህ አላስጨንቅም። ግን ስሙን ራሱን እዩት፤ ንጉሡ ሠ። ፊደሉ የተጠራው በሚገባበት ቃል ነው። ንጉሥን የያዘች ልጅ ንግሥትን፣ መንግሥትን፣ ነገሠን አብራ ትይዛለች። አንድ ቃል ተምራ አራት ታገኛለች። ሌላውን ጊዜ ያመጣዋል።

ከስድስቱ ቃላት አንዱን ረስተነው ነበር። እኔም ረሳሁት፣ ጋሼም አላነሱትም። ጥር ላይ ነው። ባለቤቴ ባጃጅ ነው የሚነዳው፣ ማታ ዘግይቶ ይገባል። ሚጡ ለትምህርት ቤት እስክሪብቶ እንዲገዛላት ፈልጋ ጠብቃው ጠብቃው እንቅልፍ ሊጥላት ሲል ወረቀት ቀዳ ጻፈችና ጠረጴዛው ላይ የባጃጁን ቁልፍ የሚያስቀምጥበት ቦታ አኖረችው። አልጋዋ ላይ ሆና «እማ፣ ላከ ራብዕ ናት አይደል?» አለችኝ። እኔ እቃ እያጠብኩ ነበር። «ላ ነች፣ አዎ። ምነው?» አልኳት። «ምንም።»

እሱ ሲገባ ገና አልተኛችም። ወረቀቱን አንስቶ መብራቱ ሥር ያዘው። «አባዬ መልህክት አለኝ። እስክሪብቶ» ይላል።

መልእክት በአ ነው የሚጻፈው። ላከ ጥንት ለአከ ነበር፣ የወደቀችው አ ናት። ይህን ላስረዳ አፌን ከፈትኩና ተውኩት።

«ሚጡዬ፣ ይሄ ህ ደግሞ ከየት መጣ?» አላት።

ከጨለማው ውስጥ «የጠፋው ነው» አለችው።